ሚስማሩን የመለሰ ውኃ

ጋምቤላ ላይ ዝናብ ሲጀምር ሰው ሁሉ ያሰጣውን ልብስ ለማንሳት ይሮጣል። እኔና ኛማል ግን የያዝነውን አስቀምጠን ቀና እንላለን፤ የላቦራቶሪውን ቆርቆሮ እናያለን። የማያውቀን ሰው ቢያየን ሁለታችንም አብረን ያበድን ይመስለዋል። ጋሽ ኡቻላ ከተቀበረ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ክረምት ነው።

የሞቱን ወሬ ያመጣልኝ ሰው አልነበረም። ታሞ የተኛበት የሆስፒታሉ ክፍል ከላቦራቶሪያችን ጀርባ ስለነበር የባለቤቱን የአሪየትን ጩኸት በመስኮት ሰማሁት። እጄ ላይ የደም ቱቦ ነበር። ቱቦውን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ጓንቴን አወለቅሁ፣ እሱ እንዳስተማረኝ በየጣቶቼ መሃል ሳይቀር እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኛማል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ጋሽ ኡቻላ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ነበር። አኙዋክ ነው፤ የአቦቦ ልጅ። ቁመቱ ከበራችን ስለሚበልጥ በገባ ቁጥር ጎንበስ ይልና «ይህን በር የሠራው ደገኛ ነው» ይላል። እኔ የመቱ ልጅ ስለሆንኩ ነገሩ ወደ እኔ መሆኑ ነው። «አንተስ እንደ መብራት ምሰሶ ምን አስረዘመህ?» እለዋለሁ። ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎኝ በካርቶን ሳራግብ ካየኝ ደግሞ ኛማልን ይጠራታል፤ «ደገኛዋ ቀለጠች! ማንኪያ አምጪ!» ኛማል ኑዌር ናት፣ ከሁላችንም ታናሽ ናት፤ እሱ ሲቀልድ ሳቋ የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው። እኛ ሥራ ከጀመርን በኋላ ብቻዋን ትስቅና እንደገና ታስቀናለች።

በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ነበር የሚሄደው። «ዝናብ አለ እንዴ?» ብለው ባጃጅ ነጂዎች ሲያላግጡበት፣ «ፀሐይም ይዘንባል» ብሎ ያልፋቸዋል። አኙዋክና ኑዌር ተጋጭተው ከተማው በተረበሸበት ሰሞን ኛማል ከሰፈሯ ወጥታ ሥራ መምጣት ፈርታ ነበር። አኙዋኩ ጋሽ ኡቻላ ጃንጥላውን ይዞ በራቸው ድረስ ሄደ፤ ከጃንጥላው ሥር አድርጎ አመጣት፤ ማታም መለሳት። ነገሩ እስኪበርድ ድረስ እንዲሁ አደረገ። ሰው አንገቱን እያዞረ ያያቸው ነበር። እሱ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላወራም፤ ኛማል ናት የነገረችኝ።

አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። አጭር አጭር አድርጎ ይናገራል፤ ቃል የሚቆጥብ ይመስላል። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ይል ነበር፦ «ሳህን አያፍርም። ሰው ነው የሚያፍር።»

ሳህን የምንለው ባክቴሪያ የምናበቅልበትን ክዳን ያለው ዝርግ ዕቃ ነው። ባክቴሪያው የሚመገበውን ነገር በውኃ አፍልተን እናፈስበታለን፤ ሲበርድ ይረጋል። ከታማሚው ቁስል ወይም ደም የተገኘውን ላዩ ላይ እንቀባለን፤ መድኃኒት የጠጣች ትንሽ ክብ ወረቀት እናስቀምጥበታለን። በማግስቱ በወረቀቷ ዙሪያ ባክቴሪያው ሳይበቅል ቀርቶ ሰፊ ጥርት ያለ ክብ ከታየ መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው። ክቡ ከጠበበ ወይም ከጠፋ፣ አይሠራም። ጋሽ ኡቻላ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል፤ እሱ አይቶ እስኪጨርስ ማናችንም አንናገርም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከቁስል ማሰሪያ ክፍል የተጣለ፣ ሚስማሩ የላላ መቀስ ይዞ መጣ። ወረቀት ቆረጠበት።

«ይህ ባክቴሪያ ነው» አለኝ። «መድኃኒት ይቆርጣል። ትልቁን መርፌ፣ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የምንሰጠውን።»

ከዚያ የመቀሱን ሚስማር በአውራ ጣቱ ገፍቶ አወጣው። መቀሱ ሁለት ቁራጭ ብረት ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«አሁን ቁረጪ።»

«በምን?» አልኩት።

«በቃ። እሷም እንዲህ ትላለች፤ በምን?» ብሎ ሳቀ። ሚስማሯን መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። «ይቺ ዚንክ ናት። ዚንክ ከሌለ ኢንዛይሙ፣ የባክቴሪያዋ መቀስ፣ አይቆርጥም።»

ሚስማር ነቃዩም ሩቅ አልነበረም። ደም እንዳይረጋ ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ የሚጨመረው፣ ኢዲቲኤ የምንለው ኬሚካል ነው። እንደ ዚንክና ካልሲየም ያለውን ነገር ሁሉ ካገኘ ጨምድዶ ይይዛል። ስለዚህ ሳህኑ ላይ ሁለት ወረቀት እናስቀምጣለን፤ አንዷ መድኃኒቱን ብቻ፣ ሌላዋ መድኃኒቱን ከኢዲቲኤ ጋር የያዘች። ብቻውን አልሠራ ያለው መድኃኒት ከኢዲቲኤ ጋር ሲሆን ክቡ ሰፍቶ ከታየ፣ ያቺ ባክቴሪያ ባለ ዚንክ መቀስ አላት።

ጋሽ ኡቻላ ግን ትምህርቱን እዚያ ላይ አላቆመም። ሚስማሯን ወደ ቦታዋ መለሰና ወረቀቱን እንደገና ቆረጠ። «ዚንክ ከሰጠሻት ትነሳለች» አለኝ። «አልሞተችም። ተቀምታ ነው የተቀመጠችው።» ከዚያ ወዲህ አንዷ ባክቴሪያ ባለ መቀስ መሆኗን ሲነግረን አፉን አይከፍትም፤ ሁለት ጣቶቹን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጋል። እኛም በክፍሉ ማዶ ሆነን እንረዳዋለን።

በሌላ ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ውኃ አትንኖ የሚያጣራው ማሽናችን ተበላሸ። ጣሪያችን በዚያው ሰሞን በአዲስ ቆርቆሮ ተቀይሮ ስለነበር ከጣሪያው ሥር በርሜል ደቅነን የዝናብ ውኃ ያዝን፤ ሳህኖቻችንንም በእሱ ሠራን። ከሰማይ ከወረደ ውኃ የበለጠ ምን ንጹሕ አለ? ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ባለ መቀስ መሆኗን አስቀድመን የምናውቃት አንዲት ባክቴሪያ ነበረች፤ ጋሽ ኡቻላ «ምስክር» ይላታል፤ ከእያንዳንዱ ምርመራ ጎን እሷን እናበቅላለን። «ምስክር የሌለው ሳህን አይፈርድም» ይላል። በዚያ ሰሞን ምስክራችን ከዳችን። ከኢዲቲኤ ጋርም ሆነ ያለ ኢዲቲኤ ክቡ ያው ሆነ፤ መቀስ የሌላት መሰለች።

ኢዲቲኤው አርጅቷል አልን፤ አዲስ በጠበጥን። ወረቀቶቹን ጠረጠርን። እኔ ኛማልን ጠረጠርኩ፣ እሷ እኔን ጠረጠረች። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ፣ ድምፁ መነጋገር እስኪከለክለን ሲንጣጣ፣ ጋሽ ኡቻላ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀና አለ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ በዝናቡ ውስጥ ያለ ጃንጥላ ወጣ፤ የቆርቆሮውን ጠርዝ በጣቱ ነካው፤ በስብሶ ተመለሰ።

«ቆርቆሮ ዛገ?» አለን።

«አዲስ አይደል እንዴ» አለችው ኛማል።

«ለምን አይዝግም? የተቀባው ምንድነው?»

ዚንክ ነው የተቀባው። ውኃው እየጠረገ ያመጣል፤ በርሜል ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ይብሳል። ኢዲቲኤው የባክቴሪያዋን ትቶ የጣሪያውን ዚንክ ጨምድዶ ይይዛል፤ የተረፈውንም እሷ ትወስዳለች። ጋሽ ኡቻላ ለማረጋገጥ በደህና ውኃ የተሠራ ሳህን ላይ ጥቂት ዚንክ ጠብ አደረገበት፤ በማግስቱ ሳህኑ የበርሜሉን ሳህን መሰለ። ደስታው ልክ አልነበረውም። «ሚስማሩን ጣሪያው መለሰላት!» እያለ የዶክተሮቹን ክፍል ሁሉ አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ የጣሪያ ውኃ ለሻይ እንጂ ለሳህን አይገባም።

ማሽናችን በተበላሸ ቁጥር ግን ውኃ የምናገኝበት ሌላ ቦታ ነበረን፤ የጋሽ ከድር የመኪና ዕቃ ሱቅ። የባትሪ ውኃ ይሸጣል፤ እሱም ተጣርቶ የመጣ ውኃ ስለሆነ ይሠራልናል። ጋሽ ከድር ከወሎ መጥቶ እዚሁ የሸበተ ሰው ነው። ከጋሽ ኡቻላ ጋር ባሮ ዳር ቁጭ ብለው የሚያወሩት አያልቅም ነበር፤ አንዱ የሌላውን ዘመድ በስም ያውቃል። ጋሽ ኡቻላ ዓሣ መብላት ቢያስተምረውም፣ ጋሽ ከድር አጥንቱን ማውጣት ግን እስከ መጨረሻው አልቻለም ነበር።

ባለፈው በጋ ጋሽ ኡቻላ ከአልዌሮ ግድብ በኩል በሞተር ሲመለስ ወደቀ። እግሩ ተሰበረ። ሩቅ ከተማ ወስደውት ብረት ገባለት፤ ሲመለስ ግን ቁስሉ አልዘጋ አለ። ከዚያ ትኩሳት ያዘው። የእኛው ሆስፒታል፣ ከእኛው ላቦራቶሪ ጀርባ ተኛ። ከደሙና ከቁስሉ ባክቴሪያ አበቀልን፤ ትልቁ መርፌ በወረቀቱ ዙሪያ ክብ አልሠራም። አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር። የሚቆርጥላት ሌላ ዓይነት ኢንዛይም ከሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጠባቂ ይዞ፣ ማለትም መቀሱን ከሚያግድ ሌላ መድኃኒት ጋር፣ የሚሰጥ አዲስ መድኃኒት አለ። ባለ ዚንኩ መቀስ ከሆነ ግን ያ ጠባቂ አይነካውም፤ መድኃኒቱ ቢመጣም ከንቱ ነው። ዶክተሩ ውጤታችንን ይጠብቅ ነበር።

ጊዜው ክፉ ነበር። መብራት ጠፍቶ የማቀዝቀዣው በረዶ ሲቀልጥ ምስክራችን ሞታለች። ማሽኑ ተቃጥሏል። መንገድ ተዘግቶ መኪና ከደጋ አይወርድም። ኛማል ሮጣ ጋሽ ከድር ሱቅ ሄደች፤ «ለጋሽ ኡቻላ ምርመራ ነው» አለችው፤ አንድ ጀሪካን ይዛ ተመለሰች። ሠራን። በማግስቱ ሁለቱ ክቦች እኩል ነበሩ፤ ኢዲቲኤው ምንም አልለወጠም።

«መቀስ የላትም!» ብላ ጮኸች ኛማል። ተቃቀፍን። ዶክተሩ አዲስ አበባ ደወለ፤ የአንድ ሰው መድኃኒት ብቻ ነው የቀረን አሉት፤ ግን በላቦራቶሪያችሁ ቃል እንልካለን አሉ፤ በአውሮፕላን ይመጣል። አሪየት ተንበርክካ ጸለየች።

ጋሽ ኡቻላ ግን «ሳህኑን አምጡ» አለ።

በላስቲክ ጠቅልለን ወሰድንለት። ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው፤ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምስክር?»

«መብራት ሲጠፋ ሞተች» አልኩት።

«ውኃስ?»

«የባትሪ ውኃ ነው። ከጋሽ ከድር።»

ሳህኑን ደረቱ ላይ አስቀመጠ። «መንገድ ተዘግቶ የለ?» አለኝ። «ከድር ከየት አገኘ?»

ሄድኩ። ባልሄድ ብዬ ተመኘሁ፤ ግን ሄድኩ። ጋሽ ከድር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ገና ሳየው «እንዴት አደረ?» ብሎ ተነሳ። ስለ ውኃው ጠየቅሁት፤ እንደ ዋዛ አድርጌ ነበር የጠየቅሁት።

«የባትሪ ውኃ ካለቀማ ቆየ እኮ» አለኝ። «ለኡቻላ ነው ስትለኝ ባዶ እጇን ልመልሳት? ለቤቴ መጠጥ ያስቀመጥኩት የዝናብ ውኃ ነበረኝ፤ ከክረምት ጀምሮ የቆየ። ወላሂ እጅ ያልነካው፤ ከሰማይ ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ በርሜል። ከባትሪ ውኃ አይሻልም?»

በዚያ ሙቀት፣ የከተማው ቧንቧ ደርቆ ባለበት፣ ቤተሰቡ የሚጠጣውን ቀድቶ ሰጥቶናል። «ይሻላል ጋሽ ከድር» ብዬው ተመለስኩ።

ጋሽ ኡቻላ ፊቴን ሲያይ ገባው። ሁለት ጣቶቹን ከብርድ ልብሱ በላይ አወጣ፤ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገ። «ጣሪያው» አለ።

«ገና አልታወቀም» አልኩት። «ዝም ብንልስ? ይምጣና ይሞከር። ምን ይጎዳል?»

«አንድ ነው ያላቸው» አለኝ። «እዚያ የሚሠራለት ሰው አለ። የሚሠራለትን ሰው መድኃኒት አልወስድም። ደግሞ ሳህናችን ከዋሸ ነገ ማን ያምነናል?» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጀግና አልነበረም፤ መሞት አልፈለገም፤ አቦቦ ላይ የጀመረው ቤት ነበረው።

ውኃውን እሱ ራሱ እንዴት እንደምናጣራ አልጋው ላይ ሆኖ ነገረን። ብርጭቆ ዕቃ ምድጃ ላይ ጣድን፤ እንፋሎቱን በቱቦ አሳልፈን በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝነው። ጠብ፣ ጠብ እያለ ሲሞላ ቀኑ ሄደ። ኛማል በጸጥታ ታለቅስ ነበር፤ ሳህን መሥራቷን ግን አላቋረጠችም።

በማግስቱ ክቡ ታየ። ከኢዲቲኤ ጋር ባለው ወረቀት ዙሪያ ሰፊ፣ ጥርት ያለ፣ ከዚያ በፊት ያላየሁት ዓይነት ክብ። ይዘነው ሄድን። መናገር አላስፈለገንም። ወደ መስኮቱ አነሳው፤ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ትልቅ ነው» አለ። «ሳህን ላይ አሸነፍናት።»

«ታዲያ ይህንኑ ኬሚካል ለምን አንሰጥህም?» አልኩት። መልሱን አውቃለሁ፤ ግን ልቤ ሊቀበለው አልቻለም።

«አንድ ሚስማር ለማውጣት የቤቱን ሚስማር ሁሉ መንቀል ነው» አለኝ። «ባክቴሪያዋን ለማዳከም የሚበቃውን ያህል ብትሰጪኝ ከደሜ ካልሲየም ይወስዳል። ልብ ይቆማል። ሳህን ልብ የለውም፤ ለዚያ ነው የቻለው።»

ዶክተሩ አዲስ አበባ ደውሎ መድኃኒቱን አስቀረ። ስልኩን ዘግቶ ወጣ። የቀረው አሮጌ መድኃኒት ነበር፤ ባክቴሪያዋን ሲታገል ኩላሊቱን የሚጎዳ። ሰጡት። ኩላሊቱ ቀድሞ ደከመ።

ከመሞቱ በፊት ጋሽ ከድር ሊጠይቀው መጣ። እኔና ኛማል አልጋው አጠገብ ነበርን። ጋሽ ከድር እጁን ይዞት ተቀመጠ፤ ሲያወሩ ቆዩ፤ ሲነሳ፣

«ውኃው ጠቀመህ?» አለው።

ጋሽ ኡቻላ በሕይወቱ ውጤት ለውጦ አያውቅም፤ የሚኒስቴር ሰው ሲመጣ እንኳ የጎደለውን ጎደለ ይላል። ቀና ብሎ አየው።

«ጠቀመኝ ወንድሜ» አለው። «ንጹሕ ነበር።»

ጋሽ ከድር «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ዓይኑን ጠርጎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ጋሽ ኡቻላ ወደ እኛ ዞረ። «እንዳትነግሩት» አለን። «የልጆቹን ውኃ ነው የሰጠኝ።» ኛማል ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እኔ ትራሱን አስተካከልኩለት።

መቀሱ አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ሚስማሩ ለብቻው በትንሽ ብልቃጥ ተቀምጧል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እኔ ነኝ የማስተምርበት። ወረቀት እቆርጣለሁ፣ ሚስማሩን አወጣለሁ፣ «አሁን ቁረጪ» እላለሁ። «በምን?» ሲሉኝ ግን እንደ እሱ መሳቅ አልቻልኩም።

ትናንት ከባድ ዝናብ ጣለ። ሲያባራ ጋሽ ከድር በባጃጅ መጣ፤ ጀሪካን ይዟል። እስከ አፉ የሞላ፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ። ለእኔና ለኛማል አስረከበን።

«ትኩስ ነው፣ አሁን የወረደ» አለን። «ዘንድሮ በየዝናቡ አመጣለሁ። ላቦራቶሪው ውኃ አይቸገርም። ለእሱ ስል ነው።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ጋሽ ከድር ወደ ባጃጁ ሄዶ ነበር፤ አንድ እግሩን አስገብቶ ቆመ። በሩ ላይ፣ ጋሽ ኡቻላ ጎንበስ እያለ በሚገባበት በር ላይ ቆሜ ነበር።

«ያኔ ጠቅሞታል፣ አይደል?» አለኝ።

ኛማል ክንዴን ያዘችኝ።

«ጠቅሞታል ጋሽ ከድር» አልኩት። «ንጹሕ ነበር።»